ከአንቱ ወደ አንተ

አየለ፣

ከስምህ በፊት «ቄስ» ያላልሁት ረስቼው አይደለም። መሪጌታ አባቴ ፊደል ሲያስቆጥረኝ ሀሌታውን ሀ ከሐመሩ ሐ ካምታታሁ መዳፌን በአርጩሜ ይለኝ ነበር፤ ወረታ ትምህርት ቤት ስገባም መምህራኑ ከእርሱ የባሱ እንጂ የተሻሉ አልነበሩም። ስለዚህ ፊደል አልገድፍም፣ ማዕርግም አልዘልም። አውቄ ነው የተውሁት። ከተለያየን ባለፈው ኅዳር አምስት ዓመት ሞላ። በየሙት ዓመትህ ስምህን ከነማዕርጉ ሲጠሩት ሰምቻለሁ፤ ዛሬ ግን የምጽፈው ለቄሱ ሳይሆን ለአየለ ነው።

በቤታችን የተለወጠውን ላስቀድም። ባለፈው ክረምት ውኃው ቶሎ መጥቶ ዘግይቶ ሸሸ። ነሐሴን ሙሉ ሜዳው ከጣና ጋር አንድ ሆኖ ሰነበተ፤ ሐይቁ የት ላይ እንደሚያልቅ፣ ሰማዩ የት ላይ እንደሚጀምር አይለይም ነበር። ሚካኤል ከነዛፎቹ ውኃ ላይ የተቀመጠ ይመስል ነበር፤ ጧት ጉም ሲኖርማ ከመሬት ለቅቆ ቀስ እያለ ወደ ሐይቁ የሚሄድ ይመስለኛል። አሁን ሩዙ ታጭዶ ተከምሯል። ቀዪቱ ላም ሞተች፤ ጥጃዋ ግን አድጋ ወልዳለች፣ የእናቷንም አመል ይዛ አላቢዋን ትረግጣለች። ወደ ምዕራብ የሚያየውን መስኮት አስፍቼዋለሁ። የቅዳሴ ጓደኛህ ቄስ ውበቱ ዐይናቸው ደክሟል፤ ረዳት ሆነው ይቆማሉ እንጂ መጽሐፉን አያነቡም። አንተ ስታርፍ ዲያቆን የነበረው ልጃችን ጌታሁን ቅስና ተቀብሎ በቦታህ ከገባ አራት ዓመቱ ነው። ከሚስቱ ከዘውዴ ጋር እዚሁ ግቢ ይኖራሉ።

ከምሳ በኋላ በዚያ መስኮት ሥር ጋደም ስል ትመጣለህ። ሁልጊዜ በውኃው ላይ ነው የምትመጣው፤ የቀሚስህ ጫፍ ግን አይርስም። አትናገርም። ደፉ ላይ ትቀመጥና ጫማህን ታወልቃለህ፣ እኔም እግርህን ላጥብ ብዬ ስነሣ እነቃለሁ። ፀሐይዋ ግድግዳው ላይ ትንሽ ፈቀቅ ብላ አገኛታለሁ፤ ያን ያህል ብቻ ነው የቆየኸው።

ስንጋባ አንተ ዲያቆን ነበርህ፤ እኔም «አንተ» እልህ ነበር። ያኔ ሩዝ ለሜዳው ገና አዲስ ነገር ነበር፤ አብረን ስናርም ጭቃ ትወረውርብኝና «አንተ እብድ፣ ተው» እልህ ነበር። ቅስና በተቀበልህ ማግሥት እናቴ ጠርታኝ፣ ከእንግዲህ አንቱ ነው፣ መስቀል የያዘ እጅ አንተ አይባልም አለችኝ። እኔም የታዘዝሁትን አጥብቄ የምይዝ ሰው ነኝ። ተ ቱ ሆነች። በፊደል ገበታ ላይ ልዩነታቸው ከጎን የምትወጣ አንዲት ጭረት ናት፤ ያቺ ጭረት አርባ ዓመት በመካከላችን ቆመች። አንድ ጊዜ፣ ቤት ውስጥ እንኳ አንተ በይኝ ብለኸኝ ነበር። ሥርዐት እንደ ጫማ በር ላይ አይወልቅም አልሁህ። ሣቅህ፤ ከዚያ በኋላ አልጠየቅኸኝም።

እናትህ ከሞቱ ወዲያ በዚህ ሜዳ ላይ አንተ የሚልህ ሰው አልቀረም። አንቱ የተባለ ሰው ይለመናል እንጂ አይታዘዝም። ይምጡልን፣ ይባርኩልን፣ ያስታርቁልን፣ ይፍቱልን ይባላል። በቃህ፣ ተኛ የሚለው ማን ነው? ስድሳ ያህል ቤት የንስሐ ልጆች ነበሩህ። አንዱ ሲያጣጥር፣ ወንድማማቾች በድንበር ሲጣሉ፣ የአንዷ ልጅ ከቤት ሲጠፋ ገና ጎሕ ሳይቀድ በራችንን ይመታሉ፤ እኔም እቀሰቅስሃለሁ። በክረምት ውኃው ወገብህ ድረስ እየደረሰ መስቀሉን ከራስህ በላይ ይዘህ ትሻገር ነበር። ከሩቅ ስትታይ ከወገብህ በላይ ብቻ በውኃው ላይ የምትንሳፈፍ ትመስለኝ ነበር። ስትመለስ የሰውን ሁሉ ምሥጢር ተሸክመህ ነው፤ ቃልህ ሁሉ አልቆ ነው። እኔን ስለ ላሟ ብቻ ትጠይቀኝ ነበር።

ትልቅ ደብር ቢሆን ተረኛ አለ። የእኛ ሚካኤል ግን ትንሽ ነው። ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ካልተሟሉ አይቀደስም፤ ዲያቆናቱን ከዚያም ከዚህም እንለምናለን፣ ቄሶቹ ግን አንተና ቄስ ውበቱ ብቻ ነበራችሁ። አንተ ከጎደልህ ቅዳሴ የለም። ይህንን አንተም ታውቃለህ፣ ሕዝቡም ያውቃል፣ ከሁሉም አብልጬ እኔ አውቃለሁ።

አሁን ለማንም ሙሉውን ያልነገርሁትን ልጻፍ። ለንስሐ አባቴም በግማሽ ነው የነገርኋቸው።

ያን ዓመት የኅዳር ሚካኤል ቅዳሜ ዋለ፤ ማግሥቱ እሑድ ነው። ሐሙስ ዕለት ወባ አንቀጥቅጦህ ከጤና ጣቢያ ጧትና ማታ ለሦስት ቀን የሚዋጥ ክኒን ይዘህ መጣህ። ወረቀቱን ያነበብሁልህ እኔ ነኝ። ቅዳሜ ሊነጋ ሲል ተነሥተህ ተቀመጥህ። ክኒኑ መዳፍህ ላይ ነበር፣ የውኃው ኩባያም አጠገብህ ነበር። ወደ እኔ አየህ። መድኃኒት የዋጠ እንደማይቀድስ እንኳን አንተ እኔም አውቃለሁ፤ ፈቃድ እየጠየቅኸኝ ነበር። «አንቱ፣ ዛሬ ቀዳሽ ነዎት እኮ» አልሁህና ኩባያውን አነሣሁት።

ክኒኑን ወደ ወረቀቱ መለስኸው። ከቅዳሴ በኋላ ታቦት ወጣ፣ ከዚያ ጠበል ጻዲቅ ነበር፣ ከዚያ ሁለት የታመሙ ሰዎች ቤት ጠሩህ። ሲመሽ ነገ እሑድ ነው ብለህ ጾምህን ጀመርህ። እሑድ ጧት እኔ ሳልናገርህ ራስህ ወረቀቱን ሳትፈታ ወጣህ፤ ይሄ ከቅዳሜው ይልቅ ያመኛል። ሰኞ መነሣት አቃተህ። ረቡዕ ቀበርንህ። ልብስህን ሳጥብ ክኒኖቹን ከነወረቀታቸው በቀሚስህ ኪስ አገኘኋቸው። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ሚካኤልን አክብረው ዐረፉ፣ ምን ዐይነት መታደል ነው ይለኝ ነበር። እኔም አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ምስጋናውን ተቀበልሁ።

ጌታሁን አንተን ነው። ዘንድሮ ክረምቱ ሲወጣ ልብሱ ሰፋው፣ ድምፁ ተዘጋ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወደ ውኃው ዞሮ ብዙ ሰዓት ይቀመጥ ነበር። ዘውዴ አንድ ቀን ሩዝ እየለቀመች፣ «እማዬ፣ ቤት ይገባል እንጂ አይመጣም» አለችኝ። እኔ እንደ ልማዴ፣ የቄስ ሚስት ትችላለች አልኋት። ይህን ካለችኝ በሁለተኛው እሑድ ጌታሁን ሕዝቡን አሰናብቶ ከመቅደስ ሲወጣ በሩ ላይ ወደቀ። የመረመረው ሐኪም ወባ የለበትም አለ፤ ድካም ነው፣ ጨጓራውም ቆስሏል፣ ሦስት ሳምንት ይተኛ አለ።

በአራተኛው ቀን የሰበካ ጉባኤው ሰዎች ሦስት ሆነው መጡ። አለቃቸው ምስጋናው ነው፤ ታውቀዋለህ፣ ሲለምን ራሱን ጎንበስ አድርጎ እንቢ የማይባል ነገር የሚጠይቅ። «እመይቴ፣ ቄሱ ሦስቱን ሳምንት ይረፉ፣ ማን ከለከለ» አለኝ። «ይቺን እሑድ ብቻ ይያዙልን። የጫኔ ልጅ አርባ ቀኑ ነው፣ ክርስትና ሊነሣ ነው።» ጌታሁን ከውስጥ ሰምቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፣ ልብሴን አምጪልኝ አላት ዘውዴን። ዘውዴ ልብሱን አላመጣችም። እኔን አየችኝ።

ልጄን ከቀሰሰ ጀምሮ አንቱ ብየው ነው የኖርሁት። እጁን ስስም እንኳ ከደረቴ የወጣ መሆኑን አላስብም ነበር። በዚያች ሰዓት ግን፣ «አንተ ጌታሁን፣ ተመለስና ተኛ» አልሁት።

ጌታሁን እንደ ሰባት ዓመት ልጅ አየኝና ተመልሶ ተኛ። ምስጋናው ጉሮሮውን ጠረገ። «ዛሬስ እመይቴ ጳጳስ ሆነው ዋሉ» አለ። ጳጳስ ቢሆን ደብዳቤ ይጽፍልህ ነበር፣ እኔ በቃል ነው የምነግርህ፣ ልጄ እሑድ አይቀድስም አልሁት። ሁለተኛው ሰውዬ ሣቁን ዋጠ። «የጫኔ ልጅስ?» አለ ምስጋናው። ልጁን ከሜዳው ማዶ ካለው ደብር እንወስደዋለን፣ እኔም አብሬ እሄዳለሁ አልሁ። በሰባ ሁለት ዓመቴ ያን ሁሉ መንገድ እንደማልሄድ እርግጠኛ ሆኖ፣ «ይሁን» አለኝ።

ሄድሁ። እሑድ በማለዳ ወጣን፤ ደወላችን አልተደወለም። ሚካኤል ጉም ውስጥ ነበር፤ ዘወር ብዬ ሳይ ዛፎቹ አልታዩኝም፣ ያለ እኛ ወደ ሐይቁ የሄደ መሰለኝ። በታጨደው ሩዝ መካከል ነጫጭ ወፎች ቆመው ነበር፣ በአጠገባቸው ስናልፍም አልበረሩም። ጫኔ ከፊት፣ እናቲቱ ልጇን ታቅፋ ከመካከል፣ እኔ ከኋላ በዱላ። ሴትዮዋ እስከ ግማሽ መንገድ ቃል አልተነፈሰችም። እውነቷን ነው፤ ድግሷን እዚህ አሰናድታ፣ ዘመዶቿን እዚህ ጠርታ በእኔ ምክንያት ነው የተንከራተተችው። አንዱን ቦይ ልንሻገር ስንል ልጁን ለእኔ አቀበለችኝ። ቀሚሷን ልትሰበስብ ነው እንጂ ይቅር ብላኝ አይደለም። ቢሆንም ተቀበልሁት። ሞቃት ነበር፣ ተኝቷል። ያን ጊዜ መንገዱ ረዝሞ እንደማያልቅ ሁሉ ሆኖ ታየኝ፤ እንዳያልቅም የፈለግሁ ይመስለኛል።

ልጁ ክርስትና ተነሣ። ከቅዳሴ በኋላ የደብሩ አለቃ፣ «ቄስ ጌታሁን ምን አገኛቸው?» አሉኝ። ታመዋል ብል በቂ ነበር። ደክሞታል አልኋቸው። አለቃው መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «እኛም እኮ ይደክመናል» አሉ፤ «አይነገርም እንጂ።» ከዚያም እሳቸው ራሳቸው ነገሩን አመጡት። የሚቀጥሉትን ሁለት እሑዶች ከእነርሱ አንድ ቄስ እንዲመጣልን፣ ጌታሁን ከዳነ በኋላም ከየሦስቱ እሑድ አንዱን እነርሱ እንዲይዙልን፣ ከእነርሱ የታመመ ሲኖር ደግሞ ጌታሁን እንዲሄድላቸው። ምስጋናው ይህን ሲሰማ ከመጀመሪያው ያሰበው እሱ እንደሆነ አድርጎ ለሕዝቡ ተናገረ። ተውሁት።

ጌታሁንን ወደ ዋንዛዬ ፍል ውኃ ወሰድሁት። አንተ ለጉልበትህ ቁርጥማት በየዓመቱ፣ ሩዙ ይግባና እንሄዳለን ትል ነበር። ሩዙ ስንት ጊዜ ገባ። ስምንት ቀን ተቀመጥን። ጧት ከውኃው ይወጣና ተጠቅልሎ እስከ እኩለ ቀን ይተኛል፤ ማንም አያውቀውም፣ ማንም መስቀል ሊሳለም አይመጣም። እኔ እግሬን ውኃው ውስጥ አድርጌ እንፋሎቱን አያለሁ። በእንፋሎቱ ውስጥ የሰው ጀርባ ይታያል፣ ይጠፋል። አንዱን ጀርባ ለረጅም ጊዜ አየሁት። አልጠራሁህም፤ ብጠራህ ትነሣለህ ብዬ ፈራሁ።

የክኒኑን ነገር ለጌታሁን ነገርሁት። በስምንተኛው ቀን፣ ጓዛችንን ስንሸክፍ። «እናቴ፣ እኔንም እንደ አባቴ አንቱ ብትይኝ ልብሴን ለብሼ እወጣ ነበር፤ ያስተኛኝ አንተ ማለትሽ ነው» አለኝ። ይቅርታ ይሁን፣ ወቀሳ ይሁን እስካሁን አልለየሁትም።

አሁን ሰኞ ሰኞ ያርፋል። የሚያጣጥር ሰው ካለ ይነሣል፤ ለሌላው አይነሣም። ባለፈው ሰኞ ረፋዱ ላይ አንድ ሰው በሩን መታ፣ ወንድሜ ድንበሬን ገፋብኝና ቄሱን ጥሩልኝ አለኝ። የሞተ አለ ወይ ስለው የለም አለ። ተኝቷል፣ ነገ ና አልሁት። ሰውዬው ነጠላውን አስተካከለና፣ እሺ ነገ እመጣለሁ ብሎ ሄደ። ይህን ብቻ ነው ያደረገው፤ እሺ ብሎ ሄደ። በሩን ይዤ ቆሜ ከዐይኔ እስኪጠፋ አየሁት። አርባ ዓመት ሙሉ በዚሁ በር ላይ የቆምሁት እኔ ነበርሁ፣ አየለ።

ሕዝቡ ድምፅህን፣ ቡራኬህን፣ ውኃ ተሻግረህ መምጣትህን አይረሳም። እነዚያን እነርሱ ያስታውሱልህ። እኔ ይደክምህ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ሚስትህ ጥሩወርቅ