ልጅ የሚያድግበት ሰፈር

ማክሰኞ፣ በምሳ ሰዓት

ለውድ ታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ እንዴት ነው? ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪናው ላይ ጎንበስ ብለሽ ውለሽ ስትነሺ ቀና ማለት እንደሚያቅትሽ ጽፈሽልኝ ነበርና ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቅሽ እሱን ነው። ወንበርሽ ላይ ትራስ አድርጊበት ብዬሽ ነበር፤ እንደማታደርጊው አውቃለሁ። ድንቡሼ ልጄስ? ሳሉ ለቀቃት? እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ በአካሌ ደህና ነኝ። እግሬ አብጦ ነበር፣ ጫማ ስቀይር ተሻለኝ። የቀረውንም ደህና ነው ብዬ ልጽፍልሽ አስቤ ነበር፤ ግን አንቺ ውሸቴን ገና ሳልጨርሰው ነው የምትይዢኝ።

የምጽፍልሽ ከቢሮ ነው። ባልደረቦቼ ምሳ ወጥተዋል። ስልኩ እየተቆራረጠ፣ እኔም እየተናደድኩ፣ በቅጡ የተነጋገርንበት ቀን የለምና ግማሹን ብታውቂውም ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

እዚህ ከተማ የውሃ አገልግሎት ስመደብ ቋሚ ቆጣሪ አንባቢ ሆኜ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ከዚያ በፊት አራት ዓመት ሙሉ ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ሲያንከባልሉኝ፣ በሠራተኛ ማደሪያ ከአምስት ሴቶች ጋር ስተኛ፣ "ቋሚ ቦታ ላግኝ እንጂ ልጄን እወስዳለሁ" እያልኩ ነው የቆየሁት። እጅሽ ላይ ሳስቀምጣት የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አባቷ ጥሎን በሄደ በሦስተኛው ወር። "ለስድስት ወር ብቻ" አልኩሽ። "ስድስት ወር ምን አላት" አልሽኝ። ያቺ ስድስት ወር ይኸው ጥርሷን ነቀለች፣ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ልትገባ ነው። እዚህ ያለው ትምህርት ቤት ምዝገባውን ዓርብ ይዘጋል። የሚጠይቁት ሁለት ወረቀት ነው፤ አካባቢው ላይ ቤት የተከራየሁበት ውልና የልጅቷ የልደት ማስረጃ። ውሉን ማምጣት የእኔ ፋንታ ነው። ማስረጃው ያለው ግን አንቺ ዘንድ ነው። በሚመላለሰው የአውቶቡስ ሹፌር ላኪልኝ ብዬ ሦስት ጊዜ ለመንኩሽ። ሦስቱንም ጊዜ ስለ ሰፈር ጻፍሽልኝ።

የመጀመሪያው ቤት ወፍጮ ቤት አጠገብ ነበር፤ "ብናኙ ደረቷ ውስጥ ይገባባታል" አልሽ። ሁለተኛው አውራ ጎዳና ዳር፤ "ኳስ ተከትላ መኪና ሥር ትገባለች" አልሽ። ሦስተኛው መጠጥ ቤት ፊት ለፊት፤ "ፊደል ሳትቆጥር ስድብ ትቆጥራለች" አልሽ። እልህ ያዘኝና "ሰፈሩን ሳታይ ሰፈር ታጣጥላለች" ብዬ ለባልደረባዬ አማሁሽ። ነገር ግን እትዬ፣ አንዱንም አልተሳሳትሽም። ወፍጮ ቤቱ ጋ ሄጄ ግማሽ ቀን ቆምኩ፤ ስመለስ ጥቁር ሹራቤ ዱቄት መስሏል። መጠጥ ቤቱንማ ተይው። ገና በጠዋቱ አንድ ሰውዬ በሩ ላይ ቆሞ የገዛ ጫማውን ሲሰድብ ሰማሁት።

የሚያከራየኝ ማግኘትም ቀላል አልነበረም። "ላጤ ነሽ?" ይሉኛል። "ልጅ አለችኝ" ስል "ልጅ ግድግዳ ላይ ይጽፋል" ብለው በሩን መለስ ያደርጉታል። ልጅ የማይጠሉት ደግሞ "ባልሽስ?" ይላሉ። ብቻዬን ነኝ ስል "እኛ እንኳን ቤተሰብ ነበር የፈለግነው።" እኔና ልጄ ምን እንደምንባል እስካሁን የነገረኝ የለም። ደላላዬ፣ ሰዉ "ቁልፉ" ብሎ ነው የሚጠራው፣ ጫማው ሲያልቅ ተስፋውም አለቀ። "እህቴ" አለኝ፣ "ጭስ የሌለበት፣ መኪና የማያልፍበት፣ ሰካራም የማይታይበት፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደግ የሆነበት ቤት አንድ ብቻ ነው የማውቀው፤ እሱም ገነት ነው፣ ሳይሞቱ አያከራዩትም።" ሳቅኩ። ከዚያ እዚያው መንገድ ላይ፣ ሰው እያየኝ፣ አለቀስኩ። ደንግጦ እንባዬን እንድጠርግበት የተጠቀለለ ጋዜጣውን ሰጠኝ።

መቼም ሥራዬ ሰው ግቢ መግባት ነው። በቀን አርባ፣ አርባ አምስት ግቢ። "ውሃ ቆጣሪ!" እላለሁ፣ ውሻ ይጮሃል፣ አንድ ሰው ይከፍትልኛል፣ ተንበርክኬ የቆጣሪውን ሣጥን ክዳን አነሳለሁ፣ ቁጥሩን ጽፌ እወጣለሁ። ደላላ የሚደብቀውን ሁሉ ሳልጠይቅ አያለሁ። የቱ ሰፈር ውሃ በሳምንት አንዴ እንደሚመጣ፣ የቱ ቦይ ክዳን እንደሌለው፣ የት ቤት ባልና ሚስት እንደሚደባደቡ አውቃለሁ። ባለፈው ሐሙስ የታመመች ባልደረባዬን እንድተካ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ወዳለው ቀጭን መንገድ ላኩኝ። የመጀመሪያውን ሣጥን ስከፍት ቆጣሪው መስታወት ላይ ሦስት ብይ ተደርድሮ አገኘሁ። በሁለተኛው ግቢ የጠርሙስ ክዳኖች በክር ተሰክተው ተቀምጠዋል። በሦስተኛው አንድ እጇ የተነቀለ አሻንጉሊት፣ እንደ ሕፃን በጨርቅ ተጠቅልላ፣ ቆጣሪው ጎን ተኝታለች። ሌላ ሰፈር ክዳን ሳነሳ የማገኘው ሸረሪትና የበሰበሰ ቅጠል ነው። ልጅ ሀብቱን ማንም አይወስድብኝም ብሎ ካመነበት ቦታ ሌላ እንደማያስቀምጥ አንቺም ታውቂያለሽ። ብዮቹን ሳልነካ አንገቴን አጣምሜ ቁጥሩን አነበብኩ።

በዚያው መንገድ መጨረሻ የሚከራይ ቤት ተገኘ። ሁለት ክፍል፣ የራሱ መግቢያ፣ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት። መንገዱ መሀል የቆመ ወፍራም የመብራት እንጨት ስላለ መኪና አይገባም። ከበሩ እስከ ትምህርት ቤቱ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው፤ በእሷ አምስት መቶ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ጓሮው ውስጥ ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ዥዋዥዌ አለ። አከራይዋ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ስሄድ ገና ሳልቀመጥ "ልጅ ያለው ሰው ነው የምፈልገው፤ ግቢው ዝም ካለ እኔም ዝም ብዬ እቀራለሁ" አሉኝ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ ይጠይቁኝ ጀመር። ክፋት የለባቸውም፣ የሙያቸው ሆኖባቸው ነው። ውሻ አለንና ትፈራለች ወይ? አልፎ አልፎ እንቁላል እሰጣታለሁ፣ ይስማማታል ወይ? የሚያስቆጣት መድኃኒት አለ? ጥርሷ ስንት ወልቋል? ስትናደድ ታኮርፋለች ወይስ ትጮሃለች? ስለ ሳሉ ከአንቺ ደብዳቤ ያነበብኩትን ተናገርኩ። ለቀረው "ትንሽ" አልኩ፣ "አንዳንዴ" አልኩ፣ "ይመስለኛል" አልኩ። ሴትዮዋ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። "አይዞሽ ልጄ፣ አክስት ሁሉን ማወቅ የለባትም። እናቷን ጠይቂያትና እስከ ሰኞ ንገሪኝ" አሉኝ።

እናቷ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። "እሺ" ብዬ ወጣሁ።

እሑድ የደወልኩት ለዚህ ነው። መደወሌን አልነገረችሽ ይሆናል። ደንበኛ እየለካሽ ነበርና ስልኩን ያነሳችው እሷ ናት። "ስፌት ቤት ነው፣ ማን ልበል?" አለችኝ፣ ቁርጥ አንቺን። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ድምጿን ዝቅ አድርጋ "እማዬ አንድ ሴትዮ እየለካች ነው፤ ሴትዮዋ በጣም ወፍራም ስለሆነች ሜትሩ አልበቃም" አለችኝ። ከስንት ቀን በኋላ ከልቤ ሳቅኩ። ጥያቄዎቹን በወረቀት ጽፌ ይዤ ነበር። ውሻ ትፈሪያለሽ ወይ ስላት "ትልቁን ነው ትንሹን?" አለች። ጥርስሽስ ስላት "ሁለት ወለቀ፣ አንዱን ግን ዋጥኩት" አለች። ስትናደጂ ታኮርፊያለሽ ወይ ስላት "እማዬ ታውቃለች" አለችኝ።

ከዚያ ሳልጠይቃት ስለ ትምህርት ቤት አወራችኝ። እጇን በራሷ ላይ አዙራ ማዶ ያለውን ጆሮዋን እንደነካች፣ መምህሯም "አንቺማ ደርሰሻል" እንዳለቻት። እማዬ የልደት ወረቀቷን እንደሰጠቻቸው፣ እነሱም ማኅተም እንደመቱበት። ዩኒፎርሟ ሰማያዊ እንደሆነ፣ ኪሱ ሁለት እንደሆነ፣ እማዬ አንዱን ኪስ ለመሐረብ፣ አንዱን ለሚስጥር ብላ እንደሰፋችላት።

እትዬ፣ ያን ጊዜ ምን እንደተሰማኝ አልጽፍልሽም። ብቻ ስልኩን አልዘጋሁም። እልህ ይሁን ሌላ፣ ስለ ቤቱ ነገርኳት። ስለ ዥዋዥዌው፣ በየቆጣሪው ሣጥን ስለተደበቀው ብይ፣ ስለ አሻንጉሊቷ። ሰማችኝና "እማዬ የት ትተኛለች?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔን ያለች መሰለኝና ደስ አለኝ። "ከአንቺ ጋር ነዋ፣ መስኮቱ ሥር፣ አንድ አልጋ ላይ" አልኳት። "አንቺን አይደለም" አለችኝ፣ ነገር እንደማይገባው ሰው ቀስ ብላ፣ "እማዬን ነው የምልሽ።" እኔን በስሜ ነው የምትጠራኝ። አንቺ በስሜ ስትጠሪኝ እየሰማች ነው ያደገችው፤ በምን ልትጠራኝ ኖሯል?

ሰኞን ሙሉ ቀን ስወቅስሽ ዋልኩ። ሌባ ብዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ። ሁለት ቆጣሪ በስህተት ጻፍኩ፣ የአንዱ ቤት ባለቤት "እህት፣ እኛ ቤት ዝሆን የለም፣ ይህን ሁሉ ውሃ ማን ጠጣው?" አለኝ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ እየሄድኩ ሳስብ አንድ ነገር ገባኝ። ያንን ቀጭን መንገድ ሐሙስ ሳገኘው ለአንቺ አልጻፍኩልሽም፣ አልደወልኩልሽም። ሌላውን ሁሉ ግን በዕለቱ ነበር የማስታውቅሽ። ወፍጮ ቤቱና መጠጥ ቤቱ እያሉ አንቺም የምትይው፣ እኔም የማኮርፈው ነገር ነበረን። እንከን የሌለው ሰፈር ሲገኝ ሁለታችንም የምንደበቅበት አጣን። አንቺ ደፍረሽ "አትውሰጂብኝ" ልትይኝ አልቻልሽም። እኔም ልጅቷን ነቅዬ አምጥቼ፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ግቢ ስዞር ስታለቅስ ማን እንደሚያባብላት አስቤ አላውቅም ነበር። ሰፈር ስፈልግ ነው የከረምኩት።

ከሥራ ስወጣ አዋላጇ ጋ ሄድኩ። በሩ ላይ ሆነው ጠበቁኝ፤ ውሻውን አስረውት ነበር። "እናቷን ጠየቅኳት" አልኳቸው። ፊቴን አዩ፣ ሌላ አልጠየቁኝም። ውሃ አጠጡኝና ሸኙኝ።

የልደት ማስረጃውን እንግዲህ አትላኪው፤ ያለበት ቦታ ይሻላል። ለሹፌሩም እኔ ነግሬዋለሁ፣ በከንቱ እንዳይጠብቅሽ።

ዛሬ ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት ቤት ተከራየሁ። አንድ ክፍል ናት፣ ከቢሮው ማዶ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ። ደላላዬ ቁልፉ ገርሞት "ስለ ትምህርት ቤት አትጠይቂኝም እንዴ?" አለኝ። ውሃ ይኖራት እንደሆነ ብቻ ጠየቅኩት። ደረጃው በውጭ በኩል ነው፣ መደገፊያ የለውም፤ ለእኔ ምንም አይደል።

የዩኒፎርሙን እጅጌ ረዘም አድርገሽ እጠፊው፣ ዘንድሮ ትመዘዛለች። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ታለቅስ ይሆናልና ደንበኛ ቢጠብቅሽም የትምህርት ቤቱ በር ላይ ትንሽ ቁሚላት። ወገብሽንም ታከሚ፤ ገና ብዙ ዓመት ጎንበስ ቀና ትያለሽ። ይህን ደብዳቤ እሷ ፊት አታንብቢው፤ ፊደል መለየት ከጀመረች ደግሞ ደብቀሽ አስቀምጪው፣ ወይም ቅደጂው።

ባልደረቦቼ ከምሳ እየተመለሱ ነው፤ ላብቃ። የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ፣ ዓይንሽን አያድክመው፣ የሰፋሽውን ሁሉ በደስታ የሚለበስ ያድርገው። የቤትሽን ሳቅ አያጉድልብሽ።

ልጅሽን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ።

ታናሽ እህትሽ