የጁፒተር አራት ጨረቃዎች በቀበሌያችን ስለመታደናቸው

ለተከበሩ ጓድ ኃይለመስቀል
የቀበሌያችን ሊቀመንበር
ኮልፌ
የካቲት 14 ቀን 1970 ዓ.ም.

ክቡር ጓድ ሊቀመንበር፣

ይህ ደብዳቤ በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ ተለጥፎ ሲያገኙት እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም በሙሉ ጤንነት ላይ እንዲሆኑ ምኞቴ ነው። እኔ ከወገቤ በላይና ከቁርጭምጭሚቴ በታች በቀር እጅግ ደህና ነኝ። ለእኔና ለሰፈሩ ፎቶግራፍ አጣቢ የዋላችሁልንን ውለታ በቃል ተናግሬ ስለማልጨርሰው፣ በተራ ቁጥር አቅርቤዋለሁ።

1ኛ/ በጓሮዬ ከዝናብ ቱቦና ከአሮጌ የመነጽር መስታወት የሠራሁትን ቴሌስኮፕ አብዮት ጠባቂው ጓድ ደሜ ሞርታር ነው ብሎ ቢማርከውም፣ ሳያጣራ አልፈረደም። ወደ ጽሕፈት ቤትዎ አዙሮ ቢያይበት፣ እርስዎ በረንዳው ላይ እግርዎ ወደ ሰማይ፣ ራስዎ ወደ መሬት ሆነው ታዩት። «ጓዶች፣ ኑ እዩ! ይሄ ሰውዬ ሊቀመንበራችንን ዘቅዝቆ ሰቅሏቸዋል!» ብሎ መጮኹም ከታማኝነት የመነጨ ነው። የኮከብ መነጽር ሁሉን ነገር ገልብጦ እንደሚያሳይ ላስረዳ ስሞክር፣ እኔው ራሴ ተዘቅዝቄ ተሰቀልኩና ትምህርቱ በተግባር ሆነ። ሁለት ጥርሶቼ በሰደፍ ሲረግፉ ወደ ላይ የሚወድቁ መስለውኝ ነበር። የሚቆጨኝ ካሜራው በእጄ አለመኖሩ ብቻ ነው።

2ኛ/ በዚሁ ቴሌስኮፕ ባነሳሁት የጁፒተር ፎቶግራፍ ላይ፣ ከትልቁ ክብ ጎን በአንድ መስመር የተደረደሩት አራት ነጠብጣቦች እነማን እንደሆኑና በየትኛው ሕዋስ እንደታቀፉ በኤሌክትሪክ ሽቦ ተጠየቅሁ። የፕላኔቱ ጨረቃዎች ናቸው ብል ሽቦው ስለበረታ፣ ስማቸውን አዮ፣ ዩሮፓ፣ ጋኒሜድ፣ ካሊስቶ ብዬ አስመዘገብኩ። ወዲያው «ተባባሪ» ተብዬ ተለቀቅሁ። ጓዶች መሣሪያ አንግበው በ18 ማዞሪያ ቡና ቤቶች ዩሮፓ የምትባል ሴት ሲያፈላልጉ ሰንብተዋል፤ ካሊስቶም ለጥቂት እንዳመለጠ በስብሰባ ላይ ሪፖርት መቅረቡን ሰምቼ ተደንቄአለሁ።

3ኛ/ ዋናው ጉዳዬ ይህ ነው። ፊልሙን ያጠቡልኝ የፎቶ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ጉልላት ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ቀናቸው፤ እስካሁን እናንተው ዘንድ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የሙሽራና የመታወቂያ ፎቶ ሲያጥቡ የኖሩ ሰው ስለሆኑ የአንድም ጨረቃ ስም አያውቁም። «ልጆቼ፣ እኔ እኮ አቧራ መስሎኝ ላጠፋው ነበር» ቢሉ፣ «መረጃ ሊያጠፋ ነበር» ተብሎ ተመዘገበባቸው። እኔ የማውቀውን ተናግሬ ወጣሁ፤ እሳቸው ግን የማያውቁትን ባለመናገራቸው ጥፍራቸው ተነቀለ። ጩኸታቸው ከግንቡ ተሻግሮ ጓሮዬ ድረስ ይደርሰኛል፤ ይህን ለመስማት ቴሌስኮፕ እንደማያስፈልግ ስላስተማራችሁኝ ውለታችሁ አለብኝ።

ስለዚህ ፎቶውን ያነሳሁት፣ ቱቦውን ያቆምኩት፣ ስሞቹንም የማውቀው እኔ ስለሆንኩ፣ ጋሽ ጉልላት ተለቀው እኔ በምትካቸው እንድታሰር በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ። ቤቴን ታውቁታላችሁ። በሩን ባለፈው ሰብራችሁት ስለሄዳችሁ ማንኳኳት አያስፈልግም።

እግሩ ቢፈቅድለት ኖሮ ቆሞ ይፈርም የነበረው አክባሪዎ፣
አምሐ ተክለማርያም
የጂኦግራፊ መምህር

ማሳሰቢያ፦ ይህን ላስለጥፍ ስል የጋሽ ጉልላት ባለቤት ወይዘሮ ዋጋነሽ የወሰዱላቸውን ስንቅ እንደያዙ ተመልሰው ደጄ ላይ ቆሙ። ጓድ ደሜ «ከዛሬ ጀምሮ አታምጪ» ብሏቸዋል። ስንቅ የማያስፈልገው እስረኛ የት እንደደረሰ ኮልፌ ሁሉ ስለሚያውቅ፣ በ3ኛው ተራ ቁጥር የጠየቅሁት «ሬሳቸው ይሰጠን» ተብሎ ተስተካክሎ ይነበብልኝ። ስንቁን ከደብዳቤው ሥር አስቀምጠነዋል፤ ገና ትኩስ ነው። ሲገድሉ ያደሩ ጓዶች ይርባቸዋል።