ለአማትህ የላክኸው ኮርቻ

ይድረስ ዘይላ ላለው ልጄ ለደምመላሽ። ሚካኤል ከበረሃው ንዳድ ይጋርድህ። ገብሱን ውርጭ መታው እንጂ እኛ ደኅና ነን።

ለአማትህ ለእመት በሰለች የላክኸውን አዲስ ኮርቻ፣ ወር እንኳ ሳይሞላው፣ አልዩ አምባ ቁልቁለት ላይ የነጋዴው የፈረጅ አጋሰስ ገጭቶ ሰበረባት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ለንስሐ አባቴ ብናዘዝ አርባ ስግደት ሰጡኝ።

ሰግጄ ሳልጨርስ ነጋዴዎቹ በመንገድ ለሚደርስ ጉዳት ብለው አስቀድመው ካዋጡት ገንዘብ ከፍለው አሳደሱላት። በቀይ ቆዳ ተለብጦ፣ ከፊተኛው አምሮ መጣ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ከበቅሎዋ ወርዳ «ልጅሽን ይባርክልሽ» ስትለኝ፣ አሜን ማለት አቃተኝ። ይኸንንም ተናዘዝሁ፤ ሌላ አርባ ተጨመረብኝ።

እመብርሃን መንገድህን ታቅናልህ። ጉልበቴ አልቋል ልጄ፤ ለነፍሴ ስትል ለእኔም አንድ ኮርቻ ላክልኝ።

እናትህ ንጋቷ፣ ከአንኮበር