ጾም ስለማታውቀው ድመታችን

ለተከበሩ አቶ እሸቴ
የብሎካችን የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ
ቦሌ አራብሳ

እርስዎም ቤተሰብዎም በጾሙ እንዳልደከማችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ለእኛ ሲሉ ደረጃ የሚወጡበት ጉልበትዎም ደህና ይሁን። እኔ ከእርስዎ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምኖረው ሰልዋ ነኝ፤ በስብሰባው ላይ ልናገር ተነስቼ፣ ሰው ሁሉ ሲያየኝ ወንበሬን አስተካክዬ የተቀመጥኩት ልጅ። ያኔ ያልወጣልኝን በጽሑፍ ሳቀርብ፣ ወረቀቱን ደረጃው ግድግዳ ላይ በመለጠፌ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ፍርድዎ ፍጥነት አመሰግናለሁ። ወይዘሮ የሻሽወርቅ ከቅበላ የተረፋቸውን ሥጋ ዘልዝለው፣ ለፋሲካ እንዲቆይላቸው በጋራ ማብሰያው ቤት ሰቅለውት ነበር። ቋንጣው ሲጠፋ እርስዎ ማንንም ሳያስጨንቁ ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት፦ «ክርስቲያኖቹ ሁዳዴ ላይ ነን፤ ሙስሊሞቹ የእኛን ሥጋ አይበሉም፤ የቀረችው የእነ ሰልዋ ድመት ናት።» ሰው ሁሉ እፎይ አለ። ጎረቤት ከሚጣላ ድመት ብትሄድ ይሻላል ብሎ አባቴ እንኳን «እውነት ነው» አለ።

ቅሬታዬ ጥቂት ነው። አንደኛ፣ ሐሪር ቋንጣውን ከበላች በኋላ ገመዱን ከሚስማሩ ፈትታ፣ ጠቅልላ፣ መስኮቱ ላይ ማስቀመጧ አስደንቆኛል። (ሐሪር የድመቷ ስም ነው፤ በስብሰባው «ሌባዋ» ስትባል ስለዋለች ምናልባት አላወቁት ይሆናል።) እኛ ቤት የእናቴን ክር ትበትናለች እንጂ ጠቅልላ አታውቅም። ሁለተኛ፣ መስኮቱ ተዘግቶ በሩም ተቆልፎ ነበር፤ ቁልፉ ያለውም በእርስዎ እጅ ብቻ ነው። መቼ እንደተዋሰችዎት ቢነግሩኝ፣ ሁለተኛ እንዳይለምዳት እመክራት ነበር። ሦስተኛውን ትቼዋለሁ፤ እያለቀስኩ ስለጻፍኩት አይነበብም።

ለታናሽ እህቴ ለሰዓዲያ ነገሩን በተረት ነግሬያት ነበር። አንበሳው አራዊቱን ሰብስቦ «ሥጋዬን ድመት በላችው» አለ፤ ዝንጀሮ አጨበጨበ፤ ጅብ «እኔ ድሮም አላምናትም» አለ።

«ድመቷስ ምን አለች?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ማንም አልጠየቃትም» አልኳት።

«አንድም የሚናገርላት አልነበረም?»

«አንዲት ጥንቸል ነበረች። ተነስታ ተቀመጠች።»

ይህን ተረት አልወደውም ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ቅዳሜ ጠዋት ጥበቃው ጋሽ ኢሳ ሐሪርን በማዳበሪያ ከረጢት ይዘው ሾላ ገበያ እንዲጥሏት እርስዎ ወስነዋል። «ገበያው ሰፊ ነው፤ የምትበላው አታጣም» ማለትዎን ሰምቻለሁ፤ ስላሰቡላት አመሰግናለሁ። አስፋልት ረግጣ አታውቅም። ማስቆም እንደማልችልም አውቃለሁ። ከረጢቱ ውስጥ የእኔን አሮጌ ሹራብ እንዲያነጥፉላት ጋሽ ኢሳን ለምኛቸው እሺ ብለውኛል። ለእርስዎም ያለኝ ልመና ይኸው ብቻ ነው፤ ሹራቡን እንዳይከለክሏት።

በውሳኔዎ ሥር በጸጥታ የምኖር፣ ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ እንደ ወትሮው አንገቴን ደፍቼ ሰላም የምልዎት፣

ታናሽዎ ሰልዋ ሐሩን

ማስታወሻ፦ ቋንጣው ከጠፋ በኋላ በነበረው ረቡዕ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ከወጥ ቤትዎ ወደ እኛ መስኮት ሽታ መጥቶ ነበር። ሰዓዲያ «ቋንጣ ፍርፍር ነው» አለች። እኔ ግን ጾምዎን አክብሬ፣ ሽሮ ነው ብዬ ተቆጣኋት።