ወይዘሮ ሌሲኤሊ ሞሄኖአ እና የመጨረሻው ስንኝ

ወይዘሮ ሌሲኤሊ ሞሄኖአ ከአባታቸው ከአቶ ኢሊአሳና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሲሲፋ፣ በቫቫኡ ደሴቶች፣ በፋንጋሎሎ መንደር እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 1946 ተወለዱ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ወንድማቸው አቶ ሳሚሶኒ ተከተሏቸው። ወላጆቻቸው ከእነዚህ ሁለት ሌላ ልጅ አልነበራቸውም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በመንደሩ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በዋና ከተማው በኑኩአሎፋ ተምረው በ1965 መምህርት ሆነው ተመለሱ። ሠላሳ ዓመት አስተማሩ። ያስተማሯቸው ሁሉ ዛሬ እዚህ ስላሉ ቁጣቸው እንዴት እንደነበር መናገር አያስፈልግም። በ1968 ዓሣ አጥማጁን አቶ ፔኒሲማኒ ሞሄኖአን አግብተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። ባለቤታቸው በ2003 አርፈዋል።

መንደሩ ግን የሚያውቃቸው በላካላካ ነው። ወንዱ በቀኝ፣ ሴቱ በግራ ተሰልፎ እየዘፈነ በእጁ የሚናገረውን ይህን ጭፈራ ከወንድማቸው ጋር ከአርባ ዓመት በላይ አወጡ። አቶ ሳሚሶኒ ቃሉንና ዜማውን፣ እሳቸው ደግሞ የእጁን እንቅስቃሴ። እህትና ወንድም ካደጉ በኋላ በአንድ ጣራ ሥር እንደማይቀመጡ የታወቀ ነው፤ እነሱም አልተቀመጡም። ስንኙን በቃል ይዘው ከቤት ቤት የሚያመላልሱት የአቶ ሳሚሶኒ ባለቤት ወይዘሮ ሜሊያሜ ነበሩ።

በ1979 የወደቡ ምረቃ ሲቃረብ ወይዘሮ ሜሊያሜ የማዕበሉን ስንኝ መርከቡ ወደብ ከሚገባበት ስንኝ በኋላ አድርገው አደረሱት። በሰላም ደርሶ መልሕቁን በጣለ መርከብ ላይ ማዕበል መጣበት፤ መንደሩም እንደዚያው አጠናው። አቶ ሳሚሶኒ ጭፈራው በሚጠናበት አዳራሽ በኩል ሲያልፉ ሰሙት። ገብተው እንዳያርሙ እህታቸው ውስጥ ናቸው። ደጅ ካለው የዳቦ ፍሬ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ከመጀመሪያው አንስተው ጮክ ብለው ዘፈኑት። ወይዘሮ ሌሲኤሊ ሰምተው ሲያበቁ ወደ ሴቶቹ ዞረው፣ «መርከቡን መልሱት፤ ገና ባሕር ላይ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲህ መልእክተኛ ቀረ። ወንድም ከዛፉ ሥር ይዘፍናሉ፣ እህት ከውስጥ ይሰማሉ። ወይዘሮ ሜሊያሜም ተገላገልኩ እያሉ ሲስቁ ኖሩ።

በ2016 በስኳር በሽታ ምክንያት የወይዘሮ ሌሲኤሊ ግራ እግር ተቆረጠ። አዳራሽ መሄድ ሲያቅታቸው አቶ ሳሚሶኒ ከእህታቸው ቤት ጀርባ ካለው ማንጎ ሥር እየመጡ ይዘፍኑላቸው ጀመር። ለአዲሱ ቤተ ክርስቲያን ምረቃ ያወጡትን ላካላካ የመጨረሻ ስንኝ ባለፈው ሐምሌ ዘፈኑላቸው። ከዚያ በኋላ ሕመሙ ጸና፤ ከቤቱም ምንም አልተሰማ። ወንድም ወደ እህቱ መኝታ አይገባምና አቶ ሳሚሶኒ አልጠየቁም። ሽማግሌዎች ምረቃው እንዴት ይሁን ሲሏቸው፣ «እሷ እጅ ያላወጣችለትን ቃል እጃችንን አውርደን ቆመን እንለዋለን» ብለው ሄዱ።

ወይዘሮ ሌሲኤሊ ግን ተኝተው፣ በብርድ ልብሱ ላይ፣ ስንኙን ለልጃቸው ለአካኔሲ በእጅ እያሳዩ ነበር። ሲጨርሱ አካኔሲ ለአጎቷ ሄዳ ልትነግር ተነሣች። «በጆሮው አይሆንም» አሏት። «እሱ ሁልጊዜ ጮክ ብሎ ነው የነገረኝ። አንቺም ጮክ በይለት።»

ነሐሴ 9 ቀን 2018 በሰባ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። ሐዘኑ እስኪወጣ በመንደሩ ዘፈን የለም። ምግብ ይመጣል፣ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ሰው ይገባል፣ ይወጣል። አካኔሲ የታዘዘችውን ትሠራለች። አላለቀሰችም፤ ለምን እንደሆነ ራሷም አታውቅም።

ወይዘሮ ሌሲኤሊ ሦስት ልጆችን፣ አሥራ አንድ የልጅ ልጆችንና አንድ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። አቶ ሳሚሶኒ እንደ ወጉ የተቀዳደደውን ምንጣፍ ታጥቀው፣ ከቤቱ ጀርባ መሬት ውስጥ ከተቆፈረው ምድጃ ዘንድ ለለቀስተኛው ያበስላሉ፤ ወደዚህ አይገቡም። ስለዚህ የዚህ የሕይወት ታሪክ አንባቢ ፊታቸውን ወደ ኋላው በር አዙረው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሚከተለውን እንዲያነቡላት አካኔሲ ትለምናለች።

አጎቴ ሳሚሶኒ፣ የመጨረሻው ስንኝ እጅ ወጥቶለታል። ጨርሳዋለች፤ እኔ ይዤዋለሁ። ሐዘኑ ሲወጣ ወደ አዳራሹ ይግቡና ይዩት። ከእንግዲህ ውጭ የሚያስቀምጥዎ የለም።

እግዚአብሔር የወይዘሮ ሌሲኤሊን ነፍስ በእጆቹ ይቀበል።