ዳሊያዎቹ አይመለሱም

ሰኔ 10 ቀን 1962፣ ረቡዕ። ከጠዋቱ 2 ሰ.

የፊት ለፊቱ ግማሽ ተቆፈረ። ጭቃው ዶማ እየያዘ አስቸገረ። ወገቤ ይጮኻል። ይጩህ። የራሴን መሬት ስቆፍር በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው።

ደብተሬ፣ አንቺም የመጀመሪያዬ ነሽ። ሃያ ስድስት ዓመት የያዝኩት ደብተር የሰው ነበር። የትኛው መደብ ላይ ምን ተዘራ፣ መቼ ተገረዘ፣ እሳቸው ምን አዘዙ። በሚያዝያ «በየነ፣ አርጅተሃል» ተብዬ ከአትክልተኝነቴ ስሰናበት እሱንም አስረከብኩ። አየሽ፣ «እሳቸው» ብዬ ጻፍኩ። ልማድ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የቀድሞ አሠሪዬ በዚህ ደብተር ውስጥ ወ/ሮ እ. ናት። እሷ። አበቃ።

ከባለቤቴ ከውድነሽ ጋር ጠዋቱኑ ተጨቃጨቅን። ግቢው በሙሉ ጎመንና ጌሾ ይሁን ትላለች። አበባ አይበላም ትላለች። እውነቷን ነው። ግን የሰው አበባ እያጠጣሁ ጎመን ስበላ የኖርኩት እኔ ነኝ። በመጨረሻ ተስማማን። ከቤቱ ጀርባ የእሷ፣ ከፊት የእኔ።

ሰኔ 12፣ ዓርብ

ምን ልትከል? ሁለት ቀን ሙሉ ሌላ ሐሳብ የለኝም። አንተ የትኛውን ትወዳለህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም። እኔም ራሴን ጠይቄው አላውቅም። ይኸው በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ዝናብ ላይ ቆሜ እጠይቀዋለሁ።

ጽጌረዳ አልተክልም። እጄ ላይ ያለው ጠባሳ በሙሉ የእሱ ነው። የፈረንጅ ሣርም አልፈልግም፤ ሳጭደው መኖር በቃኝ።

የምፈልገው ነሐሴ መጨረሻ ላይ የሚፈካ ነው። ክረምቱ ሰው ሲያሰለች፣ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ሲውጥ፣ ልብስ አልደርቅ ሲል። በዚያ ሰሞን ወ/ሮ እ. ቤተሰቧን ይዛ ደብረ ዘይት ትወርዳለች። ግቢዋ የሚያምረው ደግሞ ልክ ያኔ ነበር። የሚያየው እኔና ዘበኛው ብቻ። የግንቡ ቁመት ሁለት ሰው ያህላል፤ መንገደኛ በቀዳዳ እንኳ አያይም።

ስለዚህ ከበሩ ግራና ቀኝ ቀዩ ዳሊያ። ዳር ዳሩን ኮስሞስ፣ ዘሩ በእጄ አለ። ግድግዳው ሥር የሱፍ አበባ፤ ፍሬው ስለሚበላ ውድነሽ ዝም ትላለች። ወደ ሳንሱሲ ሲወረድ ወንዙ ዳር የሚበቅል ችቦ የመሰለ አበባም አለ፤ ከላይ ቀይ፣ ከታች ቢጫ። አንድ ጊዜ ለወ/ሮ እ. አምጥቼላት ይህ የላም ምግብ ነው ብላ አስነቅላኛለች። ነገ ሄጄ አመጣዋለሁ። አራት እግር። አይ፣ ስድስት።

ሰኔ 14፣ እሑድ

ዳሊያው ተተከለ። አሥራ ዘጠኝ ሥር።

እንዴት እጄ እንደገባ ልጻፈው፤ ሳይጻፍ የቀረ ነገር ይጠመዘዛል። የዛሬ ሁለት ዓመት ወ/ሮ እ. ለልጇ ሠርግ ድንኳን ልታስተክል መደቡን አስፈረሰች። ሥሮቹን ቆፍሬ አወጣሁ፤ ድንች ነው የሚመስሉት። ምን ላድርጋቸው አልኳት። ጣላቸው አለች። ልውሰዳቸው? አልኩ። ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እጇን አወዛወዘች። አጋፋሪዋ ባላምባራስ አጠገቧ ቆሟል። አራት ሥር ነበር። ከክፍሌ ጀርባ ቀበርኩት፣ ከፋፈልኩት፣ እዚህ ኮልፌ አደረስኩት።

ሐምሌ 7፣ ማክሰኞ

በቅሏል! አሥራ ሰባቱ። ሁለቱን ቀንድ አውጣ በላብኝ። ጠዋት ጠዋት በቆርቆሮ እለቅማቸዋለሁ።

ጎረቤቴ ሐጂ ሱሩር ሁለት ጆንያ የላም ፍግ ሰጡኝ። መርካቶ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ላማቸው ግን ከሱቃቸው ትበልጥባቸዋለች። አጥሩን አይተው ሳቁ። ወገብ ድረስ ብቻ ነው ያጠርኩት። ሌባ ይገባል አሉኝ። ውድነሽ ደግሞ የሰው ዓይን ትፈራለች። ሰፈርተኛው ጋሽ በየነ ድንች ተክሎ አበባ ይጠብቃል እያለ ያሾፋል። ያሹፍ። አጥሩ ከፍ አይልም። የተከልኩት እንዲታይ ነው።

ስንዱ የጽሕፈት መኪና ትምህርቷን ጨረሰች። ልጄ! መሥሪያ ቤት ተቀብሏታል፤ ዋስ ብቻ ጎደለ። ወ/ሮ እ. ስሰናበት እፈርምላታለሁ ብላኛለች። ለሃያ ስድስት ዓመቴ የሰጠችኝ ይኸው ነው። ቃል።

ነሐሴ 9፣ ቅዳሜ። ከሰዓት 10 ሰ.

በረዶ። ሩብ ሰዓት አይሞላም። ኮስሞሱ ተነጠፈ። የሱፍ አበባው ከወገቡ ተሰበረ። ዳሊያው አንገቱን ደፋ፣ ግን ቆሟል።

አላለቀስኩም። ዝናቡ ፊቴ ላይ ነበር።

እንጨት ተክዬ ላስረው ስል ውድነሽ ሳልጠራት መጣች። ያረጀ ነጠላዋን እየቀደደች ታቀብለኛለች። ስትጨርስ ስለ ጎመኗ ጠየቅኳት። ጎመን ይተካል አለችኝ።

ነሐሴ 23፣ ቅዳሜ

ፈካ። የመጀመሪያው። የሕፃን ፊት ያክላል፤ ቀይ፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ ቀይ። እስከ ቀትር ሦስት ሆኑ።

ሰው ይቆማል! ከፌርማታው የሚመጡ ሴቶች ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ያያሉ። ድንች ሲል የነበረው ሁሉ አሁን ምን ይላል? አንድ ሰይቸንቶ ታክሲ ሊያይ ቆሞ ተሳፋሪው ጮኸበት። ከሰዓት ደግሞ ጥቁር መኪና ቆመ። ባርኔጣ ያደረጉ ሰው መስኮቱን አወረዱና የማን ነው አሉ። የእኔ አልኩ። የእኔ! ደጋግሜ ሳልለው አልቀርም።

ነሐሴ 27፣ ረቡዕ

ባለ ባርኔጣው የወ/ሮ እ. ወዳጅ ኖሯል፤ እሷም ዘንድሮ ደብረ ዘይት አልወረደችም። አንቺ ቤት የነበረው ዳሊያ ኮልፌ ጭቃ ቤት ደጃፍ ላይ አየሁት ብሎ ነግሯታል።

አጋፋሪው መጣ። ጫማው እንዳይበላሽ ድንጋይ ላይ ቆሞ ነው የተናገረው። ሥሮቹ የግቢው ንብረት ናቸው፣ እስከ ቅዳሜ ሁሉንም ነቅለህ ታመጣለህ፣ ይቅርታም ትጠይቃለህ። ካልሆነ የልጅህን ዋስትና እርሳው፣ ነገሩም ጣቢያ ይደርሳል። አንተ ራስህ ቆመህ የሰማኸው አይደለም ወይ አልኩት። እኔ የሰማሁት ነገር የለም አለኝ። ዓይኔን ሳያይ።

ውድነሽ ምሳ አልበላችም። እኔ በላሁ። በንዴት በላሁ።

ነሐሴ 28፣ ሐሙስ

ማፈሬን ልጻፍ። ጠዋት አካፋ ይዤ ወጣሁ። አበባ ነው አልኩ፣ ልጅ ትበልጣለች አልኩ። የመጀመሪያውን ሥር ዙሪያ ቆፈርኩ።

ስንዱ ከቤት ሮጣ ወጣች። ባዶ እግሯን። አካፋውን ከእጄ ነጠቀችኝ።

«ምን እያደረግህ ነው አባባ?»

«የአንቺን እንጀራ እያወጣሁ።»

«ዋስ ሌላ ይገኛል። መልሰህ ከሰጠሃቸው ግን ሰርቄ ነበር ማለትህ ነው። የሌባ ልጅ ሆኜ ነው ቢሮ የምገባው?»

አፈሩን በእጇ መልሳ ደፈነችው፤ በደንብ አልረገጠችውም፣ በኋላ እኔ ረገጥኩት። ሃያ ዓመቷ ነው። ይህን ቀና ያለ አንገት ከየት አመጣችው? ውድነሽ ካንተ ነው አለችኝ። ከእኔ? እኔ እኮ ሃያ ስድስት ዓመት ያጎነበስኩ ሰው ነኝ።

ቅዳሜ እሄዳለሁ። ባዶ እጄን።

ነሐሴ 30፣ ቅዳሜ። ማታ 12 ሰ.

ሄድኩ። ደጅ አስጠኑኝ። ወ/ሮ እ. በረንዳ ላይ ወጣች፣ አጋፋሪው ከኋላዋ። እኔ ታች፣ ደረጃው ሥር፣ ዱሮ የምቆምበት ቦታ። እግሬ ራሱ ወሰደኝ። ሳስተውል ሁለት ደረጃ ወጣሁ።

«በየነ፣ አንተ እንኳ?» አለች።

«እመቤቴ፣ ጣላቸው ብለውኝ ነበር። ልውሰዳቸው ብዬ ጠይቄያለሁ። ባላምባራስ አጠገብዎ ነበሩ።»

አጋፋሪው ጫማውን አየ። እሷ አላስታውስም አለች። ምናልባት ዋሽታ አይደለም። ለእሷ የእጅ ውዝዋዜ ነበር፤ ማን ያንን ያስታውሳል?

«ብትመልስስ ምን ትጎዳለህ? ስንት ዓመት እዚህ ቤት በልተሃል።»

«ስጠኝ ካሉኝ እሰጥዎታለሁ፣ ራሴ መጥቼ እተክልልዎታለሁ። መልስ ካሉኝ ግን አንዲት ቅጠል አትመለስም።»

ተናገርኩት። ስጠኝ ለማለት አፏ የተከፈተ መሰለኝ። ፊቷን አዙራ ገባች። አጋፋሪው ዋስትናው ቀርቷል አለኝ። ዘበኛው በሩን ከፍቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

እስከ ኮልፌ በእግሬ መጣሁ። አውቶቡስ ውስጥ መቀመጥ የሚችል ሰው አልነበርኩም።

ጳጉሜን 3፣ ማክሰኞ

ፖሊስ መጣ። ወጣት ነው፣ ትሑት። ክስ ቀርቧል፣ ሰኞ ጣቢያ ቀርበህ ቃልህን ትሰጣለህ አለኝ። የተሰረቀው የትኛው ነው ብሎ ጠየቀ። ያኔ አራት ነበሩ፣ እነዚህ ልጆቻቸው ናቸው አልኩት። መዝገቡን ይዞ ትንሽ ግራ ተጋባ። ልጅ ይሰረቃል ወይ አለ፤ ለራሱ ነው ያለው።

ከሰዓት ሐጂ ሱሩር መጡ። ሳንነግራቸው ሰምተዋል። ለስንዱ እኔ እፈርማለሁ አሉ፤ ሱቄ ለዋስ ይበቃል። ሐጂ፣ እንዲህ ያለ ሸክም ለምን ይሸከማሉ አልኳቸው።

«ዝናብ ሲመጣ ልብሳችንን ከገመድ ላይ የምትሰበስብልን ከስንዱ ሌላ ማን ሆነችና? እኛ ሱቅ ስንሆን። አንድ ቀን መሀረብ ጎድሎ አያውቅም።»

ውድነሽ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ስንዱ ነገ የዋስትናውን ወረቀት ይዛ ትሄዳለች። ይቀበሏት አይቀበሏት አላውቅም።

መስከረም 1 ቀን 1963፣ ዓርብ። ከጠዋቱ 3 ሰ.

ወረቀቱን ተቀብለዋታል። ይታያል ነው ያሏት። ይታይ።

ፀሐይ ወጣ። አርባ አንድ አበባ ቆጠርኩ፣ ከዚያ ተውኩት። ኮስሞሱ ከወደቀበት ዞሮ ቀና ብሏል። የሳንሱሲው ችቦም አንዱ ቀልቷል፣ ቀሪው በሚቀጥለው ዓመት ይሆናል።

ስለ ሰኞ ሳስብ ነበር። ምናልባት አሸንፋለሁ። ምናልባት አጋፋሪው ጠንካራ ምስክር ይዞ ይመጣል፣ ፖሊስ አምጥቶ ያስነቅላል። እውነት ስለያዝኩ ብቻ አይፈረድብኝም የምል የዋህ አይደለሁም።

ስለዚህ ወስኛለሁ። ዳሊያ ከሥር ብቻ አይደለም፣ መሬቱ እርጥብ ሳለ ከቀንበጥም ይበቅላል። ዛሬ ከእያንዳንዱ ግንድ የጎኑን ቀንበጥ እቆርጣለሁ። ለለመነኝ ሁሉ እሰጣለሁ፤ ያልለመነኝንም በሩን አንኳኩቼ እሰጣለሁ። ጉዳዩ ጣቢያ እንደደረሰ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ፤ የፈራ ይተወው። ለሐጂ ነገርኳቸው። አምስት ለእኔ ብለው ሄዱ፣ ላሟ የማትደርስበት ቦታ እየፈለጉ ነው። ውድነሽ በጎመኗ መሃል ለሁለት ቦታ ለቃለች። ስንዱ ከሰፈሩ ጫፍ እጀምራለሁ ብላ ቅርጫት ይዛለች።

ሰኞ ጣቢያ እቀርባለሁ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ። የት ናቸው ቢሉኝ እውነቱን እናገራለሁ። የፈለጉ እንደሆነ ኮልፌን በሙሉ ይቆፍሩ።

ቢላዬን ስያለሁ። ጤዛው ሳይደርቅ ልጀምር።