የተረፈው ወተት

ውድ እማማ አልታዬ፣

ይህን ደብዳቤ የምታነብልዎ የኔአለም እንደሆነች አውቃለሁ። የኔአለም፣ እህቴ፣ እባክሽ ምንም ሳታስቀሪ አንብቢላቸው። የሚመር ቦታ ስታገኚ «ይህንስ ልለፈው» አትበይ። እኔ ለእናትሽ እያለሳለስኩ ስናገር ነው እዚህ የደረስነው።

እማማ፣ ስልክ ስደውል አያነሱም። የኔአለም «ቤተ ክርስቲያን ናት» ትለኛለች። መቼም ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ቤተ ክርስቲያን አይውልም። ስለዚህ ከመካነ ሰላም አቀስታ በሚመላለሰው በአራጌ ሚኒባስ ወረቀት ልላክ አልኩ።

ልጄ ኪዳን ድኗል። ከሁሉ በፊት መናገር የነበረብኝ ይህን ነው። ጎድጉዶ የነበረው ዓይኑ ሞልቷል፤ ይስቃል፤ ጸጉሬን ይጎትታል። አሁን ሌላውን ልንገርዎ።

የወሊድ ፈቃዴ አልቆ ወረዳው መዝገብ ቤት ልመለስ ስል የደረሱልኝ እርስዎ ነዎት። እኔ እናት የለኝም። ልጅዎ ወንድዬም ደጎሎ በኩል መንገድ ሥራ ላይ ነው፤ በወር አንዴ ቢመጣ ነው። ሠራተኛ ልፈልግ ስል «የልጄን ልጅ ለማን ነው የምትሰጪው?» ብለው፣ ዶሮዎችዎን ለጎረቤት ትተው፣ ቤትዎን ቆልፈው መጡ። የመጀመሪያ ቀን ለምሳ እየሮጥኩ ስመለስ ኪዳን ጀርባዎ ላይ ተኝቶ ነበር። እርስዎ ቀስ እያሉ ይንጎራደዳሉ፤ እንዳይነቃ በእጅዎ ዝም በይ አሉኝ። ያን ቀን እፎይ አልኩ።

ችግሩ ጡጦው ነበር።

ጠዋት እኔ ስወጣ አንድ ጡጦ ሙሉ ወተት ይበጠብጡና በጋቢ ጠቅልለው ምድጃው አጠገብ ያስቀምጡታል፤ እንዳይበርደው ብለው። ኪዳን ሲያለቅስ ትንሽ ይጠባል። የተረፈው ተመልሶ ይጠቀለላል። ከሰዓት በኋላ ስመጣ የሚጠባው ያንኑ የጠዋቱን ነው። ውኃ በሰፈሩ በተራ ነው የሚለቀቀው፤ ጀሪካኑን እንቆጥባለን፤ ስለዚህ ጡጦው በቀዝቃዛ ውኃ ለቅለቅ ይደረግና ይቀመጣል። ጎማው ውስጥ ወተት ደርቆ ይቀራል። ይህን ሁሉ አያለሁ። አይቼም ቦርሳዬን አንግቼ እወጣለሁ።

መጀመሪያ ተቅማጥ ሲይዘው «ጥርስ ሊያበቅል ነው» አሉኝ። አመንኩ። ዳነ። እንደገና ሲይዘው ድዱን በጣቴ ዳሰስኩት፤ ምንም አልነበረም።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ቀለል አድርጌ፣ «እማማ፣ ጡጦውን በየጊዜው ብንቀቅለውስ?» አልኩዎ።

እጅዎን አዩት። ገልበጥ አድርገው መዳፍዎንም አዩት።

«እጄ ቆሽሿል?»

«ኧረ እንዲያ አላልኩም።»

«በዚህ እጅ ስድስት አሳድጌያለሁ፣ ልጄ።»

ከስድስቱ በፊት ስለነበረችው ምንም አላሉም። የነገረኝ ወንድዬ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ ላሚቱ ሞታ፣ ጡትዎ ደርቆ፣ አንዲት ጉንጭ ወተት ፍለጋ ከቤት ቤት ሲዞሩ እቅፍዎ ውስጥ እንዳለፈች። ስሟን እንኳ አያውቀውም።

ይህን እያወቅኩ ነው አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ እርስዎ ጓሮ ሳሉ፣ የተረፈውን ወተት አጥሩ ሥር የደፋሁት። አፈሩ ቶሎ አልመጠጠውም። መጥተው አዩት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቁጢጥ ብለው በእጅዎ አፈር መለሱበት፤ ለቀብር አፈር እንደሚመልስ ሰው፣ ቀስ ብለው። ከዚያ ወዲያ መድፋት አልሆነልኝም።

ለወንድዬ ደወልኩ። «እናቴን ምን ብዬ ልናገራት? አንቺው በዘዴ ያዢው» አለኝ።

«ሥራዬን ልተወው?»

«ትተሽ በምን እንኖራለን?»

እማማ፣ ያኔ ያለሁበትን ላስረዳዎ አልችልም። ብናገር እርስዎን አጣለሁ፤ ዝም ብል ልጄን። ከእርስዎ አብልጦ የሚወደው ሰው የለም፤ ጠዋት ጠዋት ግን እቅፍዎ ላይ አኑሬው ስወጣ ከደጃፍ ሁለቴ ተመልሼ አየዋለሁ። ቢሮ ቁጭ ብዬ የሰው መዝገብ እፈልጋለሁ፤ ስልክ ሲጮኽ፣ የሌላ ሰውም ቢሆን፣ ከወንበሬ እነሣለሁ። ማምሻውን ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ፊቱን ሳይሆን ሽንት ጨርቁን ነበር። እርስዎ ደግሞ እኔን ሲያዩኝ «ከስተሻል፣ ብይ እንጂ» ይላሉ፤ ገንፎ ያቀርቡልኛል። እኔም እበላለሁ።

ከዚያ ግንቦት ላይ የሆነውን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ተቅማጡ ትውከት ጨመረ። አናቱ ላይ ያለው እርግብግቢት ሰርጎ ገባ። ሲያለቅስ እንባ አልነበረውም። ጎረቤታችን ኸዲጃ ገብታ አየችውና «ምን ትጠብቃላችሁ? ተነሡ፣ ወላሂ ይህ ልጅ እያለቀ ነው» ብላ ባጃጅ ጠራችልን። እርስዎ ታቅፈውት፣ እኔ ጡጦውን ይዤ ጤና ጣቢያ ደረስን።

ሲስተር አሚራ ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩን በጥብጣ በማንኪያ ጠብ ጠብ ታደርግለት ጀመር። መዋጥ ሲጀምር ወደ እኔ ዞራ ጡጦውን ተቀበለችኝ። ክዳኑን ፈታች። ጎማውን ገልብጣ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋችው።

«እስኪ አሽትቺው።»

ኮምጣጣ ነበር። ከጎማው ሥር ዙሪያውን ቢጫ ነገር ይዟል።

«ልጁን እየመላለሰ የሚጥለው ይሄ ነው። ጡጦውን የሚያዘጋጀው ማነው?»

እርስዎ አግዳሚው ላይ ኪዳንን እንደታቀፉ ነበሩ። ቀና አላሉም። የእርስዎ እጅ እግሩ ላይ እንደነበር አስታውሳለሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ከዚያ ሲስተር አሚራ የተናገረችኝን ሰምተዋል። ወረፋ የያዙት እናቶች ሁሉ ሰምተዋል። አንዲቷ ከንፈሯን መጠጠችብኝ። እኔ አንገቴን ደፍቼ «እሺ፣ እሺ» አልኩ። በልቤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር፤ እርስዎን ከዚህ አዳንኩ ብዬ። ነገሩንም አሁን ሰምተዋልና ያለ ጠብ አለቀ ብዬ።

አላለቀም። ኪዳን ጠንከር እስኪል ድረስ አብረውን ቆዩ፤ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ጡጦውን አልነኩም። እኔን ደግሞ በዓይንዎ አላዩኝም። አንድ ጠዋት ስነሣ ጋቢዎን አጥፈው፣ ጫማዎን አድርገው ደጃፍ ላይ ቆመዋል።

«እማማ፣ የት ሊሄዱ ነው?»

«ወደ ቤቴ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ጥፋቱን የሚሸፍኑለት ሕፃንና እብድ ነው» አሉኝ። «እኔ የትኛዋ ነኝ?»

ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ በሩ ተዘግቶብኛል። የዓመት ፈቃዴን ጨረስኩ። አለቃዬ አቶ ቸኮል ደግ ሰው ነው፤ እሱም ግን ምን ያድርግ? «ወይ ሰው ፈልጊ፣ ወይ ቁርጡን ንገሪኝ» አለኝ። ኸዲጃ «አብሽሪ» እያለች ግማሽ ቀን ትይዝልኛለች፤ የራሷ ልጆች አሏት። መብራት ሲጠፋ ከሰል አያይዛለሁ። ውኃ ሳይመጣ ሲቀር እለምናለሁ። ጡጦ እቀቅላለሁ፣ እሱ ያለቅሳል፣ ወተት አሞቃለሁ፣ ትንሽ ጠብቶ ይተኛል።

አንድ ቀን ከሥራ መጥቼ፣ ከሰሉ እምቢ ብሎኝ፣ ኪዳን እያለቀሰ፣ ጡጦው ውስጥ የጠዋቱ ወተት ከግማሽ በላይ ነበር። አነሣሁት። ወደ አፉ አስጠጋሁት። ማንም አያየኝም ነበር። ደፋሁት፤ ደፍቼውም አለቀስኩ። እማማ፣ ያን ቀን ነው የገባኝ። ወተት መድፋት ምን ያህል እንደሚከብድ፣ እኔ ጠግቤ ያደግሁት እንኳ፣ ያን ቀን ገባኝ። እርስዎን ምን ያህል እንደሚከብድዎ ማሰብ አቃተኝ።

ለጥያቄዎ መልስ ይዣለሁ። ሕፃንም እብድም አይደሉም። ስለዚህ ፊት ለፊት ልንገርዎ። የኔአለም፣ ይህችን ቀስ ብለሽ አንብቢ።

ኪዳን የታመመው ከጡጦው ነው። ጡጦውን ሲያዘጋጁ የነበሩት እርስዎ ነዎት።

እጅዎ ቆሽሾ አይደለም። የተረፈ ወተት ሞቅ ብሎ ሲቆይ በዓይን የማይታይ ጀርም ይራባበታል፤ ያልተቀቀለው ጎማም ያንኑ ለሚቀጥለው ወተት ያቀብላል። እንዲሞቀው ብለው ያደረጉት ነው የጎዳው። ይህን መጀመሪያ እሑድ ዕለት፣ እጅዎን ሲያዩ፣ መናገር ነበረብኝ። ቢቆጡኝም ጉልበትዎን ይዤ መናገር ነበረብኝ። ልጅዎ ብሆን የኔአለም እንደምትናገርዎ እናገር ነበር። ዝም ያልኩት እንደ እንግዳ ስለቆጠርኩዎ ነው።

ይህን ሰምተው ከተቀየሙኝ፣ እንግዲህ ይቀየሙኝ። የማውቀውን ከእንግዲህ አልደብቅዎትም፤ እርስዎም አይደብቁኝ።

ሲስተር አሚራ ለክትትል ስንሄድ «ጡጦውን ተይው፣ በኩባያ አጠጭው፤ ኩባያ ስርቻ የለውም፣ ለማጠብ ይቀላል» አለችኝ። ትንሽ ኩባያ ገዛሁለት። ጥቂት ጥቂት ነው የምበጠብጠው፤ የሚደፋም እምብዛም የለም።

ቅዳሜ በአራጌ ሚኒባስ ኪዳንን ይዤ አቀስታ እመጣለሁ። አልመለስም ካሉ ለእሱ በፊቱ ይንገሩት፤ እኔ ተቀብዬ አላደርስም። ኩባያውን በሁለት እጁ መያዝ ጀምሯል፤ ግን ገና ግማሹን ደረቱ ላይ ነው የሚያፈሰው። እኔ ትዕግሥት አጣሁ። እርስዎ ያስተምሩት።

ምራትዎ
ፍቅርአዲስ
መካነ ሰላም